ቀለሙን ስንተወው

«ኖ ሲግናል» አለ ቴሌቪዥኑ። እንዲህ ሲል ለስድስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። በእኛ ቋንቋ «የሚመጣ ነገር የለም» እንደ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ባለ 43 ኢንች ፍላት ቲቪ ይህችን ቃል በሰማያዊ መደብ ላይ ጽፎ ወዲያና ወዲህ ያንሸራሽራታል። ከሥሩ፣ ምንጣፉ ላይ፣ የተቆረሰ ዳቦ የሚመስል ቡናማ የፕላስቲክ ዕቃ ተቀምጧል። ቀይ መብራቱ በርቷል። እሱ «አለሁ» ይላል፤ ቴሌቪዥኑ «ማንም የለም» ይላል። እኔ በሁለቱ መካከል ኬብል ይዤ ተንበርክኬአለሁ።

«ተወው በቃ ልጄ፣ ሞቷል» አሉኝ እትዬ ከሶፋው ጫፍ ሆነው።

«አልሞተም እትዬ። አልተግባቡም እንጂ።»

ዕቃው ኮሞዶር 64 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበ፣ በዓለም ዙሪያ ከ10 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ የሚነገርለት የቤት ኮምፒዩተር ነው። 64 የሚለው ቁጥር የማስታወሻውን ልክ ይናገራል፤ 64 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሳትን አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ አይችልም። ሌላው ጠባዩ የራሱ ስክሪን የሌለው መሆኑ ነው። የሠሩት ሰዎች «ማንም ቤት ያለ ቴሌቪዥን ላይ ይሰካ» ብለው ነበር የሠሩት። የዛሬው ጣጣ ሁሉ የመጣው «ማንም ቤት ያለ ቴሌቪዥን» ከምትለው ሐሳብ ነው። ማንም ቤት ያለው ቴሌቪዥን ተለወጠ፤ ዕቃው ግን አልተለወጠም።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ከአገር የወጣው በ1970 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት ሰው ለምን ከአገር ይወጣ እንደነበር መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። እትዬን ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም። በሱዳን በኩል አድርጎ ምዕራብ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ገባና እዚያው 14 ዓመት ኖረ። ቀን ቀን ፋብሪካ ይሠራል። ማታ ማታ ምን ይሠራ እንደነበር ግን የሚያውቅ አልነበረም። ለእትዬ በዓመት ሁለት ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል፤ አንዱ ለእንቁጣጣሽ፣ አንዱ ለፋሲካ። ሁለቱም ከአንድ ገጽ አያልፉም።

በ1984 ዓ.ም. ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ሽቦው ይበዛ ነበር። ኮሞዶሩን፣ የካሴት ማጫወቻውንና ሦስት ባለ ካሬ ደብተሮች ይዞ መጣ። እኔ ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የቤታችን ቴሌቪዥን ሆዱ ወደ ኋላ የተዘረጋ፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው ሳጥን ነበር። ጀርመኖችም እኛም የምንጠቀምበት የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል የሚባለው ስለነበር አጎቴ ኬብሉን አንቴናው ቀዳዳ ላይ ሰክቶ ማዞሪያውን ወደ 36ኛው ቻናል ሲያስጠጋው ምስሉ ከተፍ አለ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሳሎናችን ውስጥ ተጠቀጠቀ። ሦስት ቀን ሙሉ የጠላት መርከብ ስናጋይ ሰነበትን።

በአራተኛው ቀን ልጆቹ ሳይመጡ አጎቴ ጠራኝና «ማሙሽ፣ ዛሬ ሌላ ነገር ላሳይህ» አለኝ። አንድ ካሴት ከተተ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ጽሑፍ የለ፣ ስዕል የለ፤ ሰማያዊ ብቻ። ጥቂት ጠበቅሁ። ከውጭ የኳስ ድምፅ ይሰማኛል። «ውይ፣ ተበላሸ!» ብዬ ሮጬ ወጣሁ።

አልጠራኝም። ያቺን ካሴት ከዚያ በኋላ ሲያነሳት አላየሁም። መርከቦቹም ሰለቹንና ዕቃው ቆጥ ላይ ወጣ፤ ከ30 ዓመት በላይም እዚያው ተቀመጠ።

አጎቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ጉለሌ ወደሚገኘው ቤታቸው ሄጄ ዕቃ ሳወርድላቸው እትዬ ቡናማዋን ሳጥን አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔን ደብዳቤ የነፈገኝ ይኼ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ አሳየኝ» አሉኝ። ልጄ፣ ያውም ገና የ14 ዓመት ልጅ፣ የካሴቱን ድምፅ ቀድቶ ዘመናዊ ኮምፒዩተር ላይ ማስነበብ እንደሚቻል ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ ይቻላል። እትዬ ግን «ሌላ ዕቃ አልጠየቅሁም። ይኼ ራሱ ይናገር» አሉ። እኔም በልቤ የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ጥዬው የወጣሁት ይህንኑ ዕቃ ነውና።

ነገሩን የጀመርኩት በጥንቃቄ ነበር፤ ለዚህም የማመሰግነው ኮልፌ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ሲጠግኑ ያረጁ ባለሙያ አሉ። ዕቃውን ሳሳያቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሶኬት ላይ ሰካኸው?» ብለው ነው። አልሰካሁም። «እሰይ!» አሉ። የኮሞዶሩ መብራት የሚመጣው እንደ ጡብ ከከበደ ጥቁር ሳጥን ነው። ሳጥኑ ለማሽኑ ሁለት ዓይነት መብራት ይሰጣል፤ አንደኛው 5 ቮልት ዲሲ፣ ሁለተኛው 9 ቮልት ኤሲ። የእነዚህ ሳጥኖች ጠባይ ዕድሜ ሲጫናቸው የ5 ቮልቱ ክፍል ከልኩ ማለፉ ነው። ሲያልፍ ደግሞ ቀድሞ የሚቃጠለው የማሽኑ ማስታወሻ ነው። ባለሙያው ቴስተራቸውን ሲያስጠጉት 5 ይል ዘንድ የሚገባው 6.8 አለ። ውስጡ በደረቀ ሙጫ የታሸገ ስለሆነ አይጠገንም። 9 ቮልቱን ከዚያው ወሰዱና 5 ቮልቱን ከስልክ ቻርጀር አመጡት። የማጫወቻውን የተለጠጠ ላስቲክ ቀየሩ፤ ራሱንም በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠረጉ። «እንግዲህ ማሽኑ ደኅና ነው። ከቴሌቪዥኑ ጋር መታረቁ የእናንተ ፋንታ ነው» ብለው ሸኙኝ።

እርቁ ግን አልሆነም። በልጅነቴ እንዳየሁት ኬብሉን አንቴናው ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። በዚህ በኩል ሲሰካ ኮሞዶሩ ራሱን እንደ አንዲት ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያደርጋል፤ ምስሉን በሞገድ ላይ ጭኖ ይልካል። የድሮው ቴሌቪዥን የመጣለትን ሁሉ ያሳይ ነበር። ባይገባው እንኳ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣቡን እያርመሰመሰ፣ «ሽ—ሽ» እያለ፣ አንድ ነገር እንደመጣ ይነግረናል። እኛም ተነስተን አንቴናውን እናዞራለን፤ ጎኑን እንመታለን። የአሁኑ ቴሌቪዥን ግን ፈራጅ ነው። የመጣው ምልክት ደከም ካለበት ወይም ከሚያውቀው ወጣ ካለበት ነጠብጣቡን እንኳ ሳያሳይ ሰማያዊ መጋረጃውን ይጥላል። ቻናል ሲፈልግ አንድ ጊዜ የኮሞዶሩን ምስል እንደ መብረቅ ብልጭ አደረገና ወዲያው «ኖ ሲግናል» አለ። መኖሩን አይቶታል፤ ግን አልተቀበለውም።

የማይቀበልበት ምክንያት አለው። በፓል ሥርዓት አንድ ሙሉ ምስል 625 መስመር ነው። እሱም በሁለት ዙር ይላካል፤ መጀመሪያ አንዱን እየዘለለ፣ ቀጥሎ የተዘለለውን። ኮሞዶሩ ግን ሥራ ለማቅለል ሁልጊዜ አንዱን ዙር ብቻ ይደጋግማል፤ 312 መስመር፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ። የድሮው ቴሌቪዥን ይህን አይቆጥርም፤ የተሰጠውን መስመር እየተከተለ ጨረሩን መሳብ ነው ሥራው። አዲሱ ግን መስመሮቹን ሰብስቦ፣ ቆጥሮ፣ አስልቶ፣ ወደ ራሱ ነጥቦች መልሶ ነው የሚያሳየው። ግማሹ ሲጎድልበት አንዱ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ያደበዝዛል፤ አንዱ ደግሞ ከነጭራሹ በሩን ይዘጋል።

በማግሥቱ ባለሙያው ራሳቸው የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መጡልኝ። ከኮሞዶሩ ጀርባ ስምንት ቀዳዳ ያለው ክብ መሰኪያ አለ። ምስሉ በዚያ በኩል ሞገድ ላይ ሳይጫን በቀጥታ ይወጣል። ችግሩ እዚያ ላይ የሚገባ ጃክ ሱቅ ውስጥ አለመኖሩ ነው። እሳቸው ግን መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብተው ከአንድ የድሮ ጀርመን ሠራሽ ራዲዮ ላይ የተቆረጠ ባለ አምስት ጥርስ ጃክ አግኝተዋል። ባለ ስምንት ቀዳዳው ባለ አምስት ጥርሱን ይቀበላል። ሽቦውን በሊድ አያያዙና ጫፉን ከቻይና በመጣች፣ የሲጋራ ፓኮ በምታክል ሳጥን በኩል ወደ ቴሌቪዥኑ ኤችዲኤምአይ አስገቡት። ሳጥኗ አስተርጓሚ ናት፤ በአንድ በኩል የድሮውን ቋንቋ ትሰማለች፣ በሌላው በኩል ለቴሌቪዥኑ በሚገባው ትናገራለች።

መጣ! ሰማያዊ መደብ፣ በዙሪያው ፈካ ያለ ሰማያዊ ፍሬም፣ ከላይ 38911 ባይት ባዶ ቦታ እንዳለው የሚናገር ጽሑፍ፣ ከሥሩ «ሬዲ» — ዝግጁ ነኝ — የምትል ቃል። የ9 ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ካሴቱን ከተትኩ። ማሽኑ በላቲን ፊደላት የተጻፈ «ፊደል» የሚል ስም እንዳገኘ ነገረን። ከዚያ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ሰማያዊ ብቻ።

«ተበላሸ?» አሉ እትዬ።

አልተበላሸም። ይህንን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ምስሉን የሚሠራው ክፍል በየጥቂት መስመሩ ዋናውን አስሊ አንድ አፍታ ያስቆመዋል። ካሴት ለማንበብ ደግሞ አስሊው ለቅጽበት እንኳ መቋረጥ የለበትም። ስለዚህ ማሽኑ ካሴት በሚያነብበት ጊዜ ሆን ብሎ ስክሪኑን ይዘጋል። ባዶ የሚሆነው እያነበበ ስለሆነ ነው። ያን ቀን አጎቴ ይህን ሊነግረኝ አፉን ከመክፈቱ በፊት እኔ ከበሩ ወጥቼ ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀ።

ከዚያ ፊደሉ መውጣት ጀመረ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ... የእኛው ፊደል፣ በ1982 በተሠራ የፈረንጅ ማሽን ላይ! እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ጠጋ ብለን ስናየው ሉ እና ሊ አይለዩም። በ እና ቡ አንድ ሆነዋል። በየፊደሉ ዳር ቀይና አረንጓዴ ጥላ ይርመሰመሳል። አንዳንዱ ፊደል ጭርሱን ጉድፍ መስሏል።

ሦስቱን ባለ ካሬ ደብተሮች ያመጣነው ያኔ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ስምንት በስምንት የሆኑ ካሬዎች በእርሳስ ጥቁር ተቀብተዋል። አንድ ፊደል ስምንት ረድፍ ነው፤ አንዱ ረድፍ አንድ ቁጥር ይሆናል። የ33ቱ ፊደሎች ሰባት ሰባት ቤት 231 ነው። ስምንት ስምንት ቁጥር ሲሆን 1848 ቁጥር ማለት ነው። ሁሉንም በእጁ አስልቶ፣ አንድ በአንድ መትቶ አስገብቷቸዋል። ኮሞዶሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ምልክት ብቻ ነው። ከ231 የተረፉት 25 ቦታዎች ናቸው፤ 10 ለቁጥሮች፣ 5 ለባዶ ቦታና ለሥርዓተ ነጥብ፣ የቀሩት 10 ለነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ። ሐን ከሀ፣ ሠን ከሰ፣ ዐን ከአ ጠቅልሎ ቦታ ማትረፍ ይችል ነበር። አልጠቀለለም። ከገጹ ግርጌ «አንድም አይቀርም» ብሎ ጽፏል።

እንግዲህ ስምንት በስምንት በሆነ ካሬ ውስጥ ሉን ከሊ የምትለየው ጭረት አንዲት ነጥብ ናት። ባለሙያው ደብተሩን ካዩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ገባኝ» አሉ። «ብርሃኑና ቀለሙ በአንድ ሽቦ ተቀላቅለው ነው የሚመጡት። ቀለሙ የሚጓዘው በሴኮንድ 4.43 ሚሊዮን ጊዜ በሚርገበገብ ምልክት ላይ ነው። አንዲት ነጥብ በርታ ስትጠፋ፣ በርታ ስትጠፋ ደግሞ ፍጥነቷ ወደዚያው ይጠጋል። ሳጥኗ ሁለቱን ስትለያይ ነጥቢቱን ቀለም ናት ብላ ትጥላታለች።»

የኮሞዶሩ የራሱ የላቲን ፊደላት ቋሚ ጭረታቸው ሁለት ነጥብ የወፈረው ለዚህ ነው። ለላቲኑ ቦታ ይበቃዋል። የእኛው ፊደል ግን እግሩም፣ ቀለበቱም፣ ቅጥያውም አለ፤ ሁለት ነጥብ ከየት ያመጣል?

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኳቸው።

«ቀለሙን እንተወው» አሉ።

ከአምስቱ ጥርሶች አንዱ ብርሃንን ብቻ፣ ያለ ቀለም፣ የሚያወጣ ኖሯል። ማሽኑን አጠፉ። ሽቦውን ከአንዱ ጥርስ ነቅለው ወደዚያኛው በሊድ አያያዙት። ጠቅላላ ሥራው ይኸው ነው፤ አንዲት ሽቦ ከአንድ ጥርስ ወደ ሌላው። እንደገና ካሴት፣ እንደገና ባዶ ስክሪን፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። እትዬም በዚህኛው ዙር «ተበላሸ?» አላሉም። ሁላችንም እያነበበ መሆኑን አውቀናል።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ መጣ። ያ ውብ ሰማያዊ የለም። ሉ ግን ሉ ናት፤ ሊ ደግሞ ሊ ናት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኛ ነበርን፤ ለቀለሙ ስንሳሳ ፊደሉን ልንጥለው ነበር። ቀለሙን ስንተወው ቀለም ቆጠርን። አንድ ቁልፍ ስጫን አንድ ረድፍ ይመጣል፤ እትዬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ የኔታ ልጅ፣ ያነብባሉ። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ...» ፐ ድረስ ደረስን። ቁልፉን አንድ ጊዜ ጨምሬ ስጫን ስክሪኑ ጸዳና መሐሉ ላይ አንድ መስመር ተጻፈ፦

ማሙሽ ፡ ፊደል ፡ ቁጠር ።

ማንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም። ባለሙያው ማሙሽ ማን እንደሆነ አያውቁም፤ ግን ሽቦ የሚጠቀልሉ መስለው ፊታቸውን አዞሩ። እትዬ ደብተሮቹን ጉልበታቸው ላይ ደረደሯቸው። «ለእኔ በዓመት ሁለት ገጽ፤ ለፊደል ሦስት ደብተር» አሉ። ቅሬታ ይሁን ኩራት አልለየሁትም። ምናልባት እሳቸውም አልለዩትም።

አንባቢ ሆይ፣ ላታልልዎ አልፈልግም፤ የአጎቴ ሥራ ዛሬ ለምንም አያገለግልም። እ.ኤ.አ. በ1999 የእኛ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ልጄ በስልኳ አማርኛ ስትጽፍ 1848 ቁጥር ማስላት ቀርቶ አንዱንም አታውቅም። በዚያው ዘመን ይህንኑ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት በአገር ውስጥም በውጭም የደከሙና የተሳካላቸው ባለሙያዎች ነበሩ። አጎቴ ከእነሱ አንዱ አልነበረም። እሱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በሌሊት፣ በሰው አገር፣ ለአንድ ልጅ ፊደል የሚሥል።

የእርስዎም ቤት ቆጥ ላይ አንድ ነገር አይጠፋም። የሠርግ ቪዲዮ ካሴት ይሆናል፤ የሟች አባት ድምፅ ያለበት የራዲዮ ቴፕ ካሴት ይሆናል። ዕቃውን ስላስቀመጡ ነገሩን ያስቀመጡ ይመስልዎታል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ለካስ ዕቃውን ማስቀመጥ ግማሹ ነው፤ የሚሰማውን ጆሮ አብሮ ካላስቀመጡ አንድ ቀን «ኖ ሲግናል» ይባላሉ። ደግነቱ «ኖ ሲግናል» ሁልጊዜ ሞት ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ አንዲት ሽቦ ብቻ ናት።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሰናበት። አጎቴ የማሽኑን ምልክቶች ሁሉ በእኛ ፊደል ስለተካቸው ፕሮግራሙ ሲያልቅ ማሽኑ እንደ ልማዱ «ሬዲ» ሊል ሲሞክር የጻፈው «ሔህሁሄሜሳ» ብሎ ነው። እትዬ በዚህ ሳቁ፤ አጎቴ ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከሥሩ ደግሞ፣ በድሮው ጊዜ ባዶ ካሬ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይል የነበረው የመጻፊያ ምልክት፣ ቦታው ላይ የደረሰው ፊደል «ይ» ሆኖ ተገኘ። አጎቴ አስቦበት አይመስለኝም፤ ቅደም ተከተሉ ያመጣው ነው። «ይ» ትላለች፤ ትጠፋለች። «ይ» ትላለች፤ ትጠፋለች። ቃሉን የሚጨርስላት ሰው እንደምትጠብቅ።

ቡና እስኪፈላ ድረስ ማናችንም አላጠፋናትም።